የተገዘቱት ክቦች

የብርጓል ክብ መሣል የጀመረችው ሥራ ከፈታች በኋላ ነው። ሮብ ገበያ አጠገብ የሒሳብ መምህርት ነበረች፤ ትምህርት ቤቱ በጦርነቱ ሲዘጋ ደብረ ማርቆስ ወርዳ ከእማሆይ ወለተ ሐዋርያት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየች። ከመምህርነቷ የተረፋት ንብረት አንድ የብረት ኮምፓስና ግማሽ ካርቶን ደብተር ነበር።

ነገሩ ቀላል ነው። መሃል ላይ ነጥብ፣ በነጥቡ ዙሪያ ክብ፣ በክቡ ዙሪያ ቅጠል፣ በቅጠሉ ዙሪያ ጥልፍ የመሰለ ሐረግ፤ ወረቀቱ እስኪሞላ።  ደረቷን ይዞ የሚያፍናት ነገር አራተኛው ዙር ላይ ስትደርስ ይለቃታል፤ ጣቷም መንቀጥቀጡን ይተዋል። ክኒን ሞክራለች፣ ጠበል ገብታለች፤ እንደ ክቡ የሆነላት የለም።

እማሆይ እንደ ልጃቸው ያዩዋታል። የወለዷት ልጃቸው ሂዊ የመጀመሪያዋን ስታረግዝ የብርጓል ትልቁን፣ ባለቀዩን ክብ ሰጠቻት፤ ሂዊም ከራስጌዋ ሰቀለችው። ሕፃኑ በስምንተኛ ወሩ ሞቶ ተወለደ።

ሊያጽናኑ የመጡ ጎረቤቶች ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ። በእኛ አገር ክብ ውስጥ ዓይን የመሰለ ነገር የሚሥል ሰው ወይ ደብተራ ነው፣ ወይ ደብተራ ዘንድ ሄዷል። «ጠልሰም ነው፣ የአስማት ሥዕል» አለች አንዷ። ምላስ አጥንት የለውም፤ ማታውኑ ሰፈሩ ሁሉ አወቀው።

እማሆይ ልከው የነፍስ አባታቸው አባ ወልደ ሩፋኤል ተጠሩ። ሊቅ ናቸው፤ መነጽራቸውን አድርገው የሣለቻቸውን ስድሳ ሁለት ወረቀቶች አንድ በአንድ ገለጡ። የብርጓል በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች።

«ስም የለበት፣ ጸሎት የለበት። ይኼ ጠልሰም አይደለም» አሉ።

«እንግዲያ ምንድን ነው፣ አባ?» አሉ እማሆይ።

«ያሳርፈኛል፣ አባቴ። ሌላ ነገር የለውም» አለች የብርጓል። እውነቷን ነበር፤ ሕፃን የሞተበት ቤት ግን እንዲህ ያለውን እውነት ማን ይሰማዋል?

አባ መስቀላቸውን አወጡ። «ንጹሕ መሆንሽን አውቃለሁ፣ ልጄ። እማሆይ ግን ግቢያቸው ውስጥ ሳይሰጉ ማደር አለባቸው። ወረቀቱን አቃጥዪ፤ ከእንግዲህም እንዳትሥዪ ገዝቼሻለሁ። ሐዘኑ በረድ ሲል እኔው እፈታሻለሁ።»

መስቀሉን ተሳለመች። የት ትሄዳለች? ወረቀቶቿን በገዛ እጇ አቃጠለች። በሳምንቱ ጣቷ ተመልሶ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሄዳ አባን እንዳትለምን «ገና ነው፣ ሐዘኑ አልበረደም» እያለች ስትፈራ ክረምቱ ገባ፤ በነሐሴ አባ ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ከሁሉ አብልጣ ያለቀሰችው የብርጓል ናት፤ ለቀስተኛው ደግነቷን አደነቀ።

ሌሎች ካህናት ዘንድ ሄደች። «ያሰረው ይፍታው፤ የሰው ግዝት አልነካም» አሏት፤ አንዱም እንደ ሌላው። እውነቱን ለመናገር እኔ በእነሱ አልፈርድም፤ ግዝት ያስፈራል።

ዘንድሮ ሂዊ ሁለተኛዋን ወለደች። እሷም ሞታ ተወለደች። ግድግዳው ላይ ምንም አልነበረም።

በሳምንቱ እማሆይ የብርጓልን በር አንኳኩ። ከነጠላቸው ሥር አዲስ ደብተርና ሁለት እስክሪብቶ አወጡ፤ አንዱ ቀይ ነው።

«በድዬሻለሁ፣ ልጄ። በይ ሥዪ። ለእኔም አንዲት ሥዪልኝ፤ እኔም ዕረፍት አጣሁ።»

የብርጓል ደብተሩን ተቀብላ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች፤ ብዙ አየችው። «እርስዎን አልተቀየምኩዎትም፣ እማሆይ። ግዝቱ ግን የእርስዎ አይደለም» አለች። «የሚፈታው ሰው አፈር ውስጥ ነው።»

አልጋው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የብርጓል ጣት ባዶው ገጽ ላይ ይንቀጠቀጣል። እማሆይ ሊያስቆሙላት እጇን ያዙት፤ የእሳቸውም ይንቀጠቀጥ ነበር።