ባለ አንድ ጫማው ወንድም

ባለፈው ሳምንት ካምፓላ ያለው ሱቄ ውስጥ የኮኮናት ቅባት ጠርሙስ ተሰብሮ ሽታው እስከ መንገድ ወጣ። ሻጬ የቡኮቶ ተወላጅ ናት፣ ምላስ ያላት ሴት። መጥረጊያውን ይዛ ቆመችና «ቦስ፣ ዘ ቦትል ዋዝ ብሮክን» አለችኝ። ጠርሙሱ ተሰበረ። ማን ሰበረው የሚለው ነገር የለበትም። ሱቁ ውስጥ ከእኔና ከእሷ በቀር ሰው አልነበረም፤ እኔ ደግሞ ከወንበሬ አልተነሳሁም። ልቆጣ አፌን ከፍቼ ነበር። ሽታው ቀደመኝ።

ፀጉሯን ያንን ቅባት የምትቀባ አንዲት ልጅ ነበረች። ከፊቴ ነበር የምትቀመጠው።

ያኔ ሱቅ የለኝም። ካልሲና ቀበቶ ክንዴ ላይ ደርድሬ ቡኮቶ ታክሲ መቆሚያ ስዞር ነው የምውለው። እንግሊዝኛዬ «ላስት ፕራይስ» ላይ ያልቃል። አገር ቤት የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ የነበሩ አንድ ሰው ከጋራዥ ጀርባ ከሰዓት በኋላ እንግሊዝኛ ያስተምራሉ ሲባል ሰምቼ ገባሁ። ሰሌዳቸው ጥቁር ቀለም የተቀባ አሮጌ በር ነው፤ እጀታው እንኳ አልተነቀለም። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፃቸው ይዋጥና በእጃቸው ብቻ ያስተምሩን ነበር። የጠመኔ፣ የተቃጠለ ዘይትና የእርጥብ አፈር ሽታ ተቀላቅሎ ይመጣል።

ከእኔ በቀር ተማሪዎቹ ሁሉ ቃለ መጠይቅ የሚጠብቁ ስደተኞች ነበሩ። ወደ ሌላ አገር የሚልከው ቢሮ እስኪጠራቸው ይጠብቃሉ። ይሄን ጥበቃ ያላየ ሰው አይገባውም። ሰውየው ተቀምጦ እግሩ ይሄዳል። የአንዱ ስልክ ሲጮህ ሁሉም ኪሱን ይነካል።

አንድ ቀን መምህሩ «ዛሬ ፓሲቭ ቮይስ ነው» አሉ። «ድርጊቱ የደረሰበትን ፊት አምጡት። ከዚያ ኢዝ፣ ዋዝ፣ ወር፣ እንደ ጊዜው። ቀጥሎ የግሡ ሦስተኛ መልክ፤ ቴክ፣ ቱክ፣ ቴክን። አድራጊውን ከፈለጋችሁት መጨረሻ ላይ በ‹ባይ› አስገቡት። ካልፈለጋችሁት ተዉት።»

እኔ ወዲያው ገባኝ። ነጋዴ «ዋጋ ተጨምሯል» ነው የሚለው። «ጨመርኩ» ያለ ነጋዴ እስከ ዛሬ አላየሁም።

«ቲቸር፣ ‹ባይ›ን መቼ ነው የምንተወው?» አልኳቸው።

«አድራጊው ሳይታወቅ ሲቀር። ወይ ሁሉም ሲያውቀው። ወይ ደግሞ መናገር ሳይፈለግ።»

ከፊቴ ያለችው ልጅ አንገቷን ደፋች።

ናጉሩ አካባቢ ልብስ እያጠበችና እየተኮሰች የምትኖር ልጅ ነበረች። መምህሩ ለቃለ መጠይቁ ሊያዘጋጇት ብለው ታሪኳን ለብቻዋ ጠይቀዋት ነበር። በማግስቱ በሩ ላይ አንድ ምሳሌ ጻፉ። «ማይ ብራዘር ዋዝ ቴክን ዊዝ ዋን ሹ ኦን።» ወንድሜ አንድ እግሩን ብቻ እንደተጫማ ተወሰደ። ክፋት አልነበረባቸውም። ስም አልጠሩም፣ ማንም አያውቅም ብለው ነው። ጥሩ ምሳሌ ያገኘ አስተማሪ ደግሞ እኔ ጥሩ ዕቃ ሳገኝ እንደምሆነው ነው፤ ሳያወጣው አያድርም። ክፍሉ በአንድ ድምፅ ደገመው። የእሷ ድምፅ አልነበረበትም።

እኛ መቼም ተቀበሉ ሲባል እየጮህን ስንቀበል ያደግን ሰዎች ነን። ያማረ ነገር ከሰማን በቃላችን እንይዘዋለን፤ የማን እንደሆነ አንጠይቅም። ጥሪው ሲመጣ አንዱ ገብቶ ያንን አረፍተ ነገር ጣል አደረገ። ጠያቂው ራሱን ነቀነቀለት። ይሄ ሲወራ የሚቀጥለውም ጣል አደረገ፣ የሚቀጥለውም። ወንድም ኖሮት የማያውቅ ሁሉ ወንድሙ ተወሰደበት። በዚያ ሰሞን ካምፓላ ውስጥ ሁለት እግሩን የተጫማ ወንድም ያለው ሐበሻ የቀረ አይመስለኝም።

ከዚያ የእሷ ተራ ደረሰ።

ከቢሮው በቀጥታ እኔ ወዳለሁበት ታክሲ መቆሚያ መጣች። «ጠያቂው እስክሪብቶውን አስቀመጠ» አለችኝ። «‹ይሄን ማን አስጠናሽ?› አለኝ። እንደገና እንጠራሻለን አለኝ።» አንድ ቦታ መቆም አልቻለችም። ወደ ናጉሩ ዳገቱን ተያያዘችው፤ እኔም ካልሲዬን ተሸክሜ ከኋላ። ባለ ሞተሮቹ ቦዳ ነጂዎች «ሐበሻ፣ ሚስትህ አመለጠችህ!» እያሉ ሳቁብኝ።

«አንድ ነበር ያለኝ» አለች ዞር ሳትል። «ለሁሉም አከፋፈሉት።»

«ስሚ» አልኳት። «መደዳው ሙሉ አንድ ዓይነት ካልሲ ከያዘ እውነተኛውን የያዘው ሰውም ተመሳስሎ የተሠራ ሻጭ ይባላል። እነሱ የሌላቸውን አውጪ። ለምንድነው ጫማው አንድ የሆነው?»

ቆመች። «ሁለተኛውን ሊያደርግ ሲል በር ተንኳኳ። ድምፁን ሲሰማ ጫማውን ጥሎ ሮጠ፣ ሊከፍት።»

«ለማያውቀው ሰው?»

«ለአጎታችን። ‹እኔ ነኝ ልጄ፣ ክፈትልኝ› አሉት። ወታደሮቹ ከኋላቸው ነበሩ።»

አሉት አለች። ያን ጊዜም አንቱታውን አልቀነሰችባቸውም።

«እናቴን ዛሬም የሚያኖሯት እሳቸው ናቸው» አለች። «ተናገርኩ ማለት ቤቷን አፈረስኩባት ማለት ነው። ዝም ካልኩ ደግሞ ወንድሜ የነዚያ ሰዎች ውሸት ሆኖ ይቀራል።»

እዚያ ቢሮ የተነገረ አይወጣም ይባላል። እኔ ካምፓላ ውስጥ ሳይወጣ የቀረ ወሬ አላውቅም፤ ግን አልነገርኳትም።

በማግስቱ ክፍል ገብታ፣ ያ ምሳሌ ጥጉ ላይ ሳይጠፋ የቀረበት የሰሌዳው በር ፊት ቆመች። «ቲቸር፣ ያጥፉልኝ» አለች። መምህሩ በሩን አዩት፣ እሷን አዩ። ዳስተር ከእጃቸው ስር ነበረ፤ በኮታቸው እጅጌ ነው ያጠፉት። «እኔ ነኝ ልጄ። እኔ ነኝ ያደረግሁት» አሉ። ከዚያ «ሄጄ ለጠያቂው እነግረዋለሁ» ሲሉ፣ «ይቅርብዎ፣ እሳቸውንም አስጠናቻቸው ይላል» አለቻቸው። ማንም አልሳቀም። ከዚያን ቀን ወዲህ የመምህሩ ምሳሌ ስኳር ይመዘናል፣ ጎማ ይነፋል ብቻ ሆነ።

ሁለተኛ ሲጠሯት አብሬያት ሄድኩ። ከአጥሩ ውጪ ማንጎ ዛፍ ስር ሆኜ እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ፤ አንዲት ካልሲ አልሸጥኩም። እንዲሳካላት የመከርኳት እኔ ነኝ። እንዳይሳካላት የምመኘውም እኔው ነበርኩ። ስትወጣ ከንፈሯ ደርቆ ነበር።

«ተናገርሽ?»

«በአማርኛ፣ በአስተርጓሚ። ከነስማቸው።»

የዝናቡ ወቅት ካለፈ በኋላ ተቀበሏት። ከመሄዷ በፊት ባለው ቀን ከሰዓት ሐይቁ ዳር ፖርት ቤል ወርደን የተጠበሰ ዓሣ በላን። ጀልባዎቹ ዕቃ ይጭናሉ፣ ተሸካሚዎቹ በሉጋንዳ ይሰዳደባሉ፣ ውሃው ላይ ያለው ብርሃን ዓይን ይወጋል። ነፋሱ ፀጉሯን ወደ ፊቴ ያመጣዋል። ልነግራት ያሰብኩት ነገር ነበረ። እሷ ቀደመችኝ።

«እዚያ ስሙን የሚጠራልኝ ሰው የለም» አለች። «ጠያቂው እንኳ አበላሽቶ ነው የሚጠራው። አንተ በለው እስቲ።»

የወንድሟን ስም ነገረችኝ። አልኩት።

«ደግመህ።»

ደገምኩት። የእኔን ነገር ዓሣው አጥንት ጋ ተውኩት።

ስልኳ ከአንድ ዓመት በኋላ መሥራት አቆመ። እናቷ ምን እንደሆነች አላወቅሁም። መምህሩም ወደ አንዱ ካምፕ ሄዱ አሉ፤ ጋራዡ ፈርሶ አፓርታማ ቆሞበታል።

ሻጬ ወለሉን ጠርጋ ስትጨርስ «ቦስ፣ ተቆጣህ እንዴ?» አለችኝ። አልተቆጣሁም አልኳት። በሩን ክፍት አድርጊው፣ ሽታው ይውጣ ብያት ደግሞ ወዲያው ተነስቼ ራሴ ዘጋሁት።

ሱቁ ውስጥ ብቻዬን ስሆን አንዳንዴ ያንን ስም ድምፅ አውጥቼ እጠራዋለሁ፣ አጠራሩ እንዳይጠፋብኝ። እዚህ ግን አልጽፈውም። አንዴ ሲከፋፈል አይቼዋለሁ።