ሦስት ጣት ያለው ቁልፍ

ልጄ ለወፍጮ ቤቶችና ለበቆሎ መፈልፈያዎች የመቆጣጠሪያ ተች ስክሪን ትሠራለች። እኔ የሽቦውን ሥራ እያገዝኳት በስክሪኑ ላይ ስላሉት ቁልፎች እነዘንዛታለሁ። "ይሄ ጠቧል፤ ወፍራም ጣት አይበቃውም። ያኛው ደግሞ ሲነካ ቀለሙ አይቀየርም፤ ሰውየው መንካቱን በምን ያውቃል?" እላታለሁ። ትታገሰኛለች። ባለፈው ሳምንት ግን ለማቆሚያው ቁልፍ የተዘረጋ ቆንጆ እጅ ስላ አሳየችኝና "ሁለቱን ጣት አጥፊ" ስላት ሥራዋን ትታ አየችኝ።

"አባዬ፣ ስዕሉ ተበላሽቷል ነው የሚሉን" አለች።

ተነስቼ ግቢው ውስጥ ስዞር ዋልኩ። ነገሩን ለእሷ ነግሬያት አላውቅም።

በደርግ ጊዜ አንገር ጉቲን፣ በአንድ የመንግሥት እርሻ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበርኩ። አባቴ ነቀምት ገበያ ላይ ሱቅ የነበረው ጉራጌ ነው፤ ሙያውን የለመድኩት እሱ ሱቅ ውስጥ የሰው ሬዲዮ እየፈታሁ ነው። ጠማማ ነገር ሳይ እጄን ያሳክከኛል። የሳሙናውን መደርደሪያ በቀን ሦስቴ ሳስተካክል አባቴ "አንተ ልጅ፣ ቂጥህ መቀመጫ አያውቅም?" ይለኝ ነበር።

እርሻው ትልቅ የበቆሎ መፈልፈያ ማሽን ነበረው። ሳጥኑ ላይ ከላይ ወደ ታች የተደረደሩ አራት ቁልፎች አሉ። ቀዩ የማቆሚያ ቁልፍ ከተሰበረ ቆይቷል፤ መለዋወጫ ስለጠፋ ጥቁር ተተክቶበት አራቱም ጥቁር ሆነዋል። ከየቁልፉ አጠገብ በአማርኛ ጽፌ ለጥፌያለሁ። ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ከወሎ በሰፈራ የመጣች የልጆች እናት ነበረች። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከእርሻው ሰው ሁሉ ቀድማ የምስክር ወረቀት ያገኘች እሷ ነች ተብሎ ወረቀቷ ስብሰባ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በቆሎውን ወደ ማሽኑ አፍ የሚገፋላት የአካባቢው ተወላጅ፣ የጊዳ አያና ሰው ነው። እሱ በኦሮምኛ፣ እሷ በአማርኛ ቀኑን ሙሉ እየተቀላለዱ ይግባባሉ።

አንድ ቅዳሜ ሳጥኑን ለጥገና ከፈትኩት። ማቆሚያው ከላይ፣ ማፍጠኛው ከታች ነው። ይሄ ምን የሚሉት አሠራር ነው? የሚጨምረው ላይ፣ የሚያቆመው ታች መሆን አልነበረበትም? ዓይኔ አልቻለም። ካቻቢቴዬን አንስቼ ሁለቱን አቀያየርኳቸው፤ ጽሑፋቸውንም አብሬ አዛወርኩ። ለማንም አልነገርኩም። ማንበብ ትችል የለ?

ሰኞ ረፋድ ላይ የሰውየውን እጅጌ ማሽኑ ያዘው። "ዻቢ! ዻቢ!" ብሎ ጮኸ፤ አቁሚው ማለቱ ነው። ዘልላ የላይኛውን ቁልፍ ተጫነች። ማሽኑ ፈጠነ። ደግማ ተጫነች። በር ላይ ነበርኩና ሮጬ ዋናውን ማብሪያ አወረድኩት። ሁለት ጣቶቹ ተቆርጠዋል።

ያኔ ነው የገባኝ። አንብባ አታውቅም። ቁልፎቹን የምታውቀው በቦታቸው ነበር።

የእርሻው ኮሚቴ ሊቀመንበር ግን የገባው ሌላ ነው። "ማቆሚያ ተብሎ በአማርኛ ተጽፎ፣ የተማረች ሴት ማፍጠኛውን ሁለት ጊዜ ትጫናለች? ይሄ አሻጥር ነው!" አለ። አሻጥር በዚያ ጊዜ ሰው የሚበላ ቃል ነበር። ጉዳዩ ሐሙስ በስብሰባ እስኪታይ ድረስ ጥበቃ ቤት ዘጉባት።

ማታውኑ መስኮቱ ጋ ሄድኩ። "ለምን አልተናገርሽም?" አልኳት።

"ምን ልበል ወንድሜ? ፊደሉን ወላሂ ቆጥሬያለሁ፤ ሲገጣጠም ነው የሚጠፋኝ። በልጆቼ ፊት እናታችሁ ተማረች ተብሎ ተጨብጭቦልኛል። እንዳትነግርብኝ።" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ግን እኔ የማቆሚያውን ቦታ ስቼ አላውቅም። አብጄ ይሆን እንዴ?" አለችኝ።

"እንጃ" አልኳት።

እንጃ! ይህችን ቃል አፌ እንዴት እንዳወጣት እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ፈርቼ ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ማክሰኞ በጭነት መኪና ነቀምት ገባሁ። አባቴ ሰምቶኝ ሲያበቃ "አሻጥር በተባለ ነገር ውስጥ ስምህ እንዳይነሳ፤ ዝም በል" አለኝ። ምሳ ሊበላልኝ አልቻለም። ሱቅ ውስጥ ሳሙናውን ደረደርኩ፣ አፈረስኩ፣ እንደገና ደረደርኩ። ረቡዕ ጠዋት ያገኘሁት መኪና ላይ ተንጠልጥዬ ተመለስኩ። ተመልሼም ዝም አልኩ።

ሐሙስ አዳራሹ ሞላ። ሊቀመንበሩ ክሱን አንብቦ ሳይጨርስ እጄን አወጣሁ።

"ቁልፎቹን ያቀያየርኩት እኔ ነኝ። ለማንም አልተናገርኩም።"

"ጽሑፉስ? አብሮ አልተዛወረም?"

"ተዛውሯል፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"ታዲያ እሷ አታነብም እንዴ?"

እሷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት ሁላችንም ላለማየት እንታገላለን። ያኔ የጊዳ አያናው ሰው በፋሻ የተጠቀለለ እጁን ደረቱ ላይ ይዞ ተነሳ።

"ጓድ፣ እኔ እየጮህኩ ነው" አለ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው። "ሰው እየጮኸ ጽሑፍ ማነው የሚያነበው? አንተ ታነባለህ?"

ሊቀመንበሩ ሰውየውን አየ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አየ፣ የክሱን ጽሑፍ አጥፎ ኪሱ ከተተ። እሷ ተለቀቀች። እኔ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝና ማንም የማይሳሳትበት ሳጥን እንድሠራ ታዘዝኩ።

ማቆሚያውን ወደ ቦታው መለስኩት። ከዘይት ቆርቆሮ ትንንሽ ሰሌዳ ቆርጬ ለማፍጠኛው ፈረስ፣ ለማዘግያው ኤሊ፣ ለማስነሻው ዶሮ በምስማር ጭሬ ሳልኩ። ለማቆሚያው ምን እንደምስል ጠፋኝ። ቁስሉ ሲደርቅ ሰውየው መጣና የሳልኩትን ሁሉ አየ። ከዚያ የተጎዳውን እጁን ቆርቆሮው ላይ ዘርግቶ አኖረ።

"ይቺን ሳል" አለኝ።

በምስማሩ ዙሪያውን መከተል ጀመርኩ።

"እሷ ተዘግቶባት" አለኝ እጁን ሳያነሳ፣ "አራት ቀን አንተ ምን ስትሠራ ነበር፣ ኦቦሌሳ?"

ወንድሜ ማለቱ ነው። እሷም መጥታ ቆርቆሮውን በጣቷ ነካችና "ይችንስ አልስታትም" አለች። እርሻው እስኪፈርስ ድረስ ያን ቁልፍ የሳተ ሰው አልነበረም።

ትናንት ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኳት። አራቱን ቀንም ሳልደብቅ ነገርኳት።

"አብጄ ይሆን ስትልህ፣ እኔ ነኝ ያዛወርኩት አላልካትም?" አለች።

"እንጃ ነው ያልኳት።"

ከዚያ ወደ ስክሪኗ ዞራ ሁለቱን ጣቶች አጠፋች።