ቀን የተቆረጠለት ካራቫን

ልጅ እያለሁ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የነበረው ቤታችን የሚታወቀው በቁጥሩ ሳይሆን ደጃፉ ላይ በቆመው በመኪና የሚጎተት ካራቫን ነበር። እንግዳ ደውሎ አቅጣጫ ሲጠይቅ እናቴ በረጅሙ ትተነፍስና «መንገዱን ይዘህ ስትመጣ አንድ የዛገ ጉድ ታያለህ፤ እዚያ ነን» ትል ነበር። ስልክ መንገድ በማይመራበት በዚያ በዘጠናዎቹ ዘመን ምልክት ያለው ቤት ቀላል ነገር አልነበረም። እኔ በበኩሌ በዛገው ጉድ እኮራ ነበር።

ያመጣው አባቴ ነው። አዲስ አበባ ሳለ ቴክኒክ ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ ያስተምር የነበረ ሰው፣ እዚህ ዲሲ መሃል ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ የሰው መኪና ሲያቆም ይውል ነበር። አብሮት የሚሠራ አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ «ከግቢዬ ካነሳህልኝ ያንተ ነው» ብሎ ሰጠው። ላሜራው ተልጧል፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ ወለሉ ሲረገጥ እንደ ራሰ ዳቦ ይሰረጉዳል። በሩ ሲከፈት የአይጥና የእርጥብ ምንጣፍ ሽታ ይቀበላል። አባቴ ግን ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳና «አጥንቱ ደህና ነው» አለ። እናቴ በበኩሏ «ካራቫን ውስጥ የሚኖረው የመንገድ ሥራ ሠራተኛ ነው። እኛ የምን መንገድ ልንሠራ ነው?» አለች።

አባቴ ግን ጠግኖት ውቅያኖስ ዳር ሊወስደን አስቦ ነበር። እኔም ወሬውን በማግስቱ ክፍል ውስጥ አዳረስኩት። የክፍሌ ልጆች በየበጋው ካምፒንግ ሄደው ስለ ድንኳንና ስለ እሳት ሲያወሩ እኔ ስሰማ ብቻ ኖሬያለሁና፣ ተራዬ መድረሱ ቀርቶ ገና ሊደርስ ነው ሲባል እንኳ አፌ አልያዝ አለ።

ችግሩ አባቴ መጀመር እንጂ መጨረስ አለመቻሉ ነው። ምድር ቤታችን መሳቢያ በሌለው ቁም ሣጥንና በሦስት እግር በቆመ ጠረጴዛ የተሞላ ነበር። ካራቫኑንም የበረዶውን ወራት ሙሉ ሲነቅለው ከርሞ እናቴ መቼ እንደሚያልቅ ስትጠይቀው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አላት። «ያንተ እንቁላል እግር ሳያወጣ ይገማል» አለችና ፍሪጁ ላይ ወደተሰቀለው ካላንደር ሄደች። ትምህርት ቤት የሚዘጋበትን ዓርብ በቀይ ስክሪብቶ ከበበችው። እስከዚያ ካለቀ ቅዳሜ ወደ ባሕር ይሄዳል፤ ካላለቀ ቅዳሜ ወደ ቁርጥራጭ ብረት መጣያ ይሄዳል። ሦስት ወር ቀርቶት ነበር። ያን ቀን እናቴን ጠላኋት ብል ማጋነን አይሆንም።

ያ ጸደይ ግን በልጅነቴ ካየሁት ሁሉ ደስ የሚል ነበር። አባቴ ከሥራ መጥቶ የፓርኪንግ ዩኒፎርሙን ሲያወልቅ የሚያወልቀው ልብሱን ብቻ አይመስለኝም፤ የደከመው ፊቱም አብሮ ይወልቅ ነበር። ለእናቴ በእንግሊዝኛ መመለስ የለመድኩ ልጅ፣ ካራቫኑ ውስጥ ግን ብሎን፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ እያልኩ ከአባቴ ጋር እከራከራለሁ። አዲስ የተቆረጠ ኮምፔንሳቶ ሽታው ጣፋጭ ነው፤ የብርጭቆ ወረቀት ደግሞ እጅን ያሳክካል። ግድግዳውን የማሸው እኔ ነበርኩ፤ ሥራውን የሚመራው ደግሞ ማንም ሳይሾመው ራሱን የሾመው ጋሽ ውብሸት ነው። ጋሽ ውብሸት የአባቴ ጓደኛ፣ ባለታክሲ ነው። ታክሲውን አቁሞ ታጣፊ ወንበር ላይ ይቀመጥና ስለማያውቀው ሁሉ ምክር ይሰጣል። ቀለሙ ግን የእሱ ምርጫ ስለነበር አመሰግነዋለሁ፤ የቅቤ ዓይነት ቢጫ ነበር።

በመጨረሻው ሳምንት ዋዜማ፣ እሑድ ዕለት፣ ሁሉ ነገር አልቆ የቀሩት የኋላ ክሪኮች ብቻ ነበሩ። ካራቫን ሁለት ጎማ ብቻ ስላለው ሲቆም ጀርባውን ደግፈው የሚይዙት እነሱ ናቸው። አባቴ ነቅሎ ቀለም ቀብቷቸው አጥሩ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ታዲያ ሳይመረቅ መንገድ አይወጣምና ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽማግሌዎቹና ባልቴቶቹ መጡ። አባቴ በደስታ ክሪኮቹን ረሳ። «ኧረ ግቡ፣ ኧረ ወደ ውስጥ፣ በሞቴ ወደ ላይ ተቀመጡ» እያለ አስገባቸው። የክብር ቦታው ደግሞ ከኋላ በኩል ያለው ረጅሙ መቀመጫ ነው። አሥር ሰው ያህል ገባ።

በመጨረሻ የመጡት ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ጋሽ ወልዴ ናቸው። ከዘራቸው በበሩ ብቅ ሲል የተቀመጠው ሁሉ «ኖር!» ብሎ ብድግ አለ፤ ቦታ ሊለቅላቸውም አንድ ላይ ወደ ኋላ ሸሸ። «በእግዜር፣ በእግዜር፣ ተቀመጡ» አሉና እሳቸውም ወደ ውስጥ ዘለቁ። «መንገዱን ጨርቅ ያድርግ…» ብለው ሳይጨርሱ ካራቫኑ ጓ አለና በጀርባው ቁጭ አለ። አፍንጫው ወደ ሰማይ ተነሣ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ሽማግሌ ቢያብር ካራቫን እንደሚያስቀምጥ ያወቅኩት ያን ዕለት ነው።

ማንም አልተጎዳም። መውጣቱ ግን ሌላ ጣጣ ሆነ። «አንቱ ይቅደሙ።» «ኧረ በፍጹም፣ ሴቶቹ ይቅደሙ።» «እርስዎ እያሉ? አይደረግም!» ተጋድመው፣ አንዱ የሌላውን ትከሻ ይዞ፣ ቅደሙ ይባባላሉ። እኔ ሣሩ ላይ ወድቄ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። የመጨረሻው ሰው ወርዶ ካራቫኑ ሲቃና ግን ሳቄ ቆመ። የኋላው ላሜራ ተጨራምቷል፣ መብራቶቹ ተሰብረዋል፣ አባቴ ሁለት ወር የለፋበት መቀመጫ ተገንጥሏል። አባቴ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። «በቃ» አለ በቀስታ። ያቺን ቃል ምድር ቤት ያሉት ዕቃዎች ሁሉ ያውቋታል።

እናቴ ዳቦ የያዘ ትሪ ይዛ በረንዳው ላይ ቆማ ነበር። ትሪውን አስቀምጣ ወረደችና ፊቱ ቆመች። «ዓርብ ስንት ቀን ቀረው?» አለችው። «አምስት» አለች ራሷ። «ታዲያ ምን ቁጭ አድርጎሃል?» ጨካኝ መሰለችኝ። አባቴ ግን ቀና ብሎ አያት፣ ሱሪውን አራገፈና መዶሻውን ሊያመጣ ገባ።

ከሰኞ ጀምሮ የገለበጡት ሰዎች ራሳቸው በየምሽቱ ሊያቃኑት መጡ። ላሜራ የሚቀጠቅጥ አለ፣ ሽቦ የሚያገናኝ አለ፤ ጋሽ ውብሸት እንኳ ከወንበሩ ተነሥቶ መዶሻ ያዘ፣ የገዛ አውራ ጣቱንም መታ። ጋሽ ወልዴ ከሩቅ ሆነው፣ እግራቸውን ካራቫኑ ውስጥ ሳያስገቡ ምርቃታቸውን ጨረሱ። ዓርብ ከትምህርት ቤት እየሮጥኩ ስደርስ አባቴ የመጨረሻዋን ብሎን እያጠበቀ ነበር። በሕይወቱ ጀምሮ ሲጨርስ ያየሁት የመጀመሪያ ነገር ነው። ቅዳሜ በጋሽ ውብሸት ታክሲና በሌሎች ሦስት መኪኖች ታጅበን ውቅያኖስ ዳር ደረስን፤ አሸዋ በገባበት ጥብስ ጠገብን፤ ለአራት ሰው በተሠራ ካራቫን ዘጠኝ ሆነን ተኛን። እንደዚያ ዓይነት እንቅልፍ ደግሜ አልተኛሁም።

ዛሬ የምኖረው ከዲሲ ወንዝ ማዶ፣ አሌክሳንድርያ ነው። ቤቴ ያለው ዕቃ ሁሉ በካርቶን የመጣ ነው፤ አንድ ነገር ሲሰበር ማቃናት ሳይሆን ሌላ ማዘዝ ይቀናኛል። ባለፈው በጋ አባቴና እናቴ ሊጠይቁኝ መጥተው ሳለ እናቴን ላበሽቃት ብዬ ካራቫኑን ልታስጥልብን እንደነበር አነሣሁባት። ገርሟት አየችኝ። «እኔ? የካራቫኑን መጋረጃ ገና ቀኑን ሳልቆርጥ ነው ሰፍቼ የጨረስኩት። አባትሽ ቀን ካልተቆረጠለት እንደማይሆንለት ጠፍቶኝ ነው?»

አባቴም ይህን ሲሰማ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር። ለልጄ ትንሽ ወንበር እሠራላታለሁ ብሎ ያመጣው እንጨት ጋራዤ ውስጥ ከተቀመጠ ቆይቷል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ዕድሜውም ሰማንያን አልፏል። «እንግዲያው አሁንም ቀን ቁረጪልኝ» አላት።

እናቴ እጆቹን አየች። ያኔ ሦስት ወር ብቻ የሰጠችው ሴት ለረጅም ጊዜ አሰበች።

«የከርሞ ፋሲካ» አለችው። ቀጥላም፣ «ካልደረሰልህ፣ የሚቀጥለው።»