በታኮ የምትቆመዋ መኪና

በደርግ ዘመን ከዩኒቨርሲቲ በመካኒካል ምህንድስና ተመርቄ ዲላ ወደሚገኘው የአውራጃ ጋራዥ ተመደብሁ። በመጀመሪያው ቀን የጋራዡ ኃላፊ ደብዳቤዬን ቆሞ አነበበና «እንኳን ደህና መጣህ ጓድ፤ የቴክኒክ ክፍል ኃላፊ ሆነሃል» አለኝ። ክፍሉ የት እንደሚገኝ ጠየቅሁት። «አሁን በበሩ ገባ» ብሎ እኔን አመለከተ።

ኃላፊው ከወታደር ቤት የመጣ፣ ሳይስቅ የሚያስቅ ሰው ነበር። መለዋወጫ በተጠየቀ ቁጥር «የውጭ ምንዛሪ የለም» ይላል። አንድ ቀን የራሱ ቢሮ በር ወልቆ ምስማር እንዲፈቅድልን ብንጠይቀው ይህንኑ መለሰልን። በሩ ለብዙ ጊዜ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ።

ጋሽ ሰይድን ያወቅኋቸው በመኪናቸው አቋቋም ነው። አንዲት አሮጌ ፒክአፕ በጋራዡ በር ገባች። መጀመሪያ ከኋላዋ አንድ ሰው ዘሎ ወረደ፤ ቀጥሎ ከፊት ጎማዋ ሥር የእንጨት ታኮ ወረወረ፤ ከዚያ መኪናዋ ቆመች፤ በመጨረሻ ጋሽ ሰይድ ኮፍያቸውን አስተካክለው ወረዱ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነበር፤ ሲዛባም አላየሁም።

ጋሽ ሰይድ ወላጆቻቸው ከመሀል አገር ለንግድ መጥተው ዲላ የቀሩ ሰው ናቸው። በዚህች መኪና ከዲላ በወናጎና በይርጋጨፌ በኩል እስከ ጨለለቅቱ ሰውና ዕቃ ያመላልሳሉ። ታኮ የሚወረውረው ረዳታቸው ጅግሶ የጌዴኦ ተወላጅ፣ አርባውን የተሻገረ፣ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አማኝ ነው።

«ፍሬኗ እንዴት ነው?» አልኋቸው።

«አላት ኢንጂነር። ግን ቁልቁለት ላይ የምትቆመው በእኔ ቢስሚላህና በጅግሶ ጸሎት ነው።»

«ታኮውስ፣ ጋሼ?» አለ ጅግሶ ቅር ብሎት።

«በታኮውም» ሲሉ አረሙ።

መኪናዋን በክሪክ አንሥቼ መረመርኋት። በአራቱም ጎማ ታምቡር ፍሬን ነው ያላት። ረጅም ቁልቁለት ላይ ታምቡሩ ሲግል ይሰፋል፤ የፍሬን ሸራው ይርቀዋል፤ ፔዳሉም ወለል ይነካል። ጋሽ ሰይድ ለዚህ የራሳቸውን ዘዴ አበጅተዋል። ባለ በሌለ ኃይላቸው ሦስት ጊዜ ይረግጣሉ። የመጀመሪያው ርግጫ ለጅግሶ ምልክት ነው። እርሱ ወርዶ ከመኪናዋ ቀድሞ ይሮጣል፤ ትቆማለች ብሎ የገመተው ቦታ ላይ ታኮውን ያጋድማል። ግምቱ ስቶ አያውቅም።

የመጡበት ጉዳይ ግን ቀልድ አልነበረም። የዓመቱ የቦሎ ምርመራ ደርሷል። ከክፍለ ሀገሩ የሚመጣው መርማሪ ባለፈው ዓመት በማስጠንቀቂያ አልፏቸው ነበር። ዘንድሮ መኪናዋ ቁልቁለት ላይ በራሷ ካልቆመች ታርጋዋን ፈትቶ ይወስዳል። ጋሽ ሰይድ ሌላ መተዳደሪያ አልነበራቸውም፤ ጅግሶም እንዲሁ።

መለዋወጫ እንደሚያስፈልግ ስናገር ኃላፊው «የውጭ ምንዛሪ…» ብሎ ሲጀምር ጋሽ ሰይድ «አልጠየቅንም ጓድ፤ ወናጎ ገደል ውስጥ አለ» አሉት።

እውነታቸውን ነበር። ከወናጎ ወጣ ብሎ ከጋሽ ሰይድ መኪና ጋር አንድ ዓይነት፣ ግን አዲስ ሞዴል የሆነች ፒክአፕ ወድቃ ቀርታለች። ባለቤቷ ሞተሩን ሸጦ የቀረውን ለዝገት ትቶታል። ወርጄ ሳይ የፊት ፍሬኗ ዲስክ ነው። ዲስክ በአየር ላይ ስለሚሽከረከር ቶሎ ይቀዘቅዛል። ባለቤቷን በትንሽ ገንዘብ አስማምተን ዲስኩን፣ ጨምቆ ከሚያቆመው ካሊፐርና ከተሸካሚው ብረት ጋር፣ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋውን ማስተር ሲሊንደር፣ እንዲሁም የእግርን ኃይል የሚያግዘውን ሰርቮ ፈታሁ። ማስተር ሲሊንደሩን አብሬ የወሰድሁት በምክንያት ነው፤ ለታምቡር የተሠራው በቱቦው ውስጥ ጥቂት ግፊት ስለሚያስቀር ለዲስክ ቢውል የካሊፐሩ ሸራ፣ ፓዱ፣ ዲስኩን አይለቅም።

ጎማው የሚገጠምበት የጋሽ ሰይድ መኪና ቸርኬ ግን ጠባብ በመሆኑ ከካሊፐሩ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ የወደቀችው መኪና የፊት ቸርኬዎች ያስፈልጉናል። አንዱ እዚያው ነበር። ሌላው በአቅራቢያው ባለው የገበሬ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ደወል ሆኗል።

ሊቀመንበሩ ጥያቄያችንን ሲሰማ ደነገጠ። «ደወሌን ወስዳችሁ ስብሰባ በምን ልጥራ? በፉጨት?»

የጋሽ ሰይድን አሮጌ ቸርኬ ምትክ አቀረብሁ። ሰቀለው፤ በብረት መታው፤ ጆሮውን አቀና። «የእኔ ይጮኻል፤ የእናንተ ያስላል» አለ።

ቸርኬው ግንዱን ተደግፎ ስለተሰቀለ ድምፁ እንደታፈነ አስረዳሁት። በሽቦ ከግንዱ አርቄ ሰቀልሁትና ደጋግሜ መታሁት። ጥሩ ድምፅ አወጣ። ነገር ግን ሰው ሁሉ ስብሰባ የተጠራ መስሎት ከእንሰቱ መካከል እየወጣ መጣ። ሊቀመንበሩ የተሰበሰበ ሕዝብ እንዲሁ መበተን አልፈለገም። ስለ እርከን ሥራ ንግግር አደረገ፤ እኛም ቸርኬያችንን ታቅፈን እስከ መጨረሻው አዳመጥን። ጅግሶ ጥያቄ ሁሉ ጠየቀ።

ጋራዥ ተመልሼ የካሊፐሮቹን ፒስተኖች አወጣሁና በፍሬን ዘይት አጠብሁ፤ ያረጁትን ጎሚኒዎች ለወጥሁ። የኋላውን ታምቡር እንዳለ ትቼ ሸራውን ብቻ አሳደስሁ። ሁሉንም ገጥሜ ከቱቦው አየር አስወጣሁና ራሴ እየነዳሁ ሞከርኋት። በጣት የሚረገጥ ያህል ቀላል ፍሬን ሆነ። ለጋሽ ሰይድ «ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በዝግታ ነው የሚረገጠው» አልኋቸው። «ገባኝ» አሉ።

መርማሪው በተቀጠረው ቀን መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ያወረደ ሰው ነበር። ከከተማው መውጫ ወዳለው ቁልቁለት ሄድን። እሱ ከጋሽ ሰይድ ጎን ተቀመጠ፤ እኔና ጅግሶ ከኋላ ሆንን። ጅግሶ ታኮውን ይዟል። ተው ስለው «ባዶ እጄን ያመኛል» አለኝ።

መሀል ቁልቁለት ላይ መርማሪው «ቁም!» አለ።

ጋሽ ሰይድ ባለ በሌለ ኃይላቸው ረገጡ። ሁለተኛና ሦስተኛ ርግጫ አላስፈለገም። የመርማሪው ኮፍያ መስታወቱን መታ፤ ኮፍያውን ግንባሩ ተከተለው። እኔ ራሴን የጋቢናው ጣሪያ ላይ ተኝቼ አገኘሁት። ጅግሶ ግን ገና «ቁም» ሲባል ወርዶ ነበር። ቀድሞን ሮጠ፤ በግምቱ ቦታ ታኮውን አጋደመ፤ ጎማው እስኪመጣ ጎንበስ ብሎ ጠበቀ። የሚመጣ ጎማ አልነበረም።

ቀና ብሎ ወደ ላይ አየንና «ጋሼ፣ ምነው ቀራችሁ?» ሲል ጮኸ።

መርማሪው ግንባሩን እያሸ ወረደ። «ይህ ሰው ማን ነው?»

«ረዳቴ ነው» አሉ ጋሽ ሰይድ።

«የማን ረዳት? የእርስዎ ወይስ የፍሬኑ?»

መርማሪው ቀጠለ፦ «ፍሬኗ ደህና ከሆነ ታኮ ይዞ የሚሮጥ ሰው ለምን አስፈለገ? ደህና ካልሆነ ደግሞ ግንባሬን ምን መታው? አንድ ጊዜ እንደገና እናያለን። ታኮ የለም፤ የሚዘል ሰው የለም፤ የሚወድቅ ሰውም የለም። ካልሆነ ይህ ነው» ብሎ ከኪሱ ካቻቪቴ አወጣና ታርጋዋን ተመለከተ።

ጋሽ ሰይድ ወደ ጎን ሳቡኝ። ላብ አጥምቋቸዋል። «ኢንጂነር፣ ያለ ጅግሶ ቁልቁለት ወርጄ አላውቅም።»

«ግማሹን ያህል ብቻ ይርገጡ። የቀረውን ሰርቮው ይሠራዋል።»

«እኔማ ገብቶኛል። እግሬ ነው አልሰማ ያለው።»

ይህን ጊዜ መርማሪውን ጅግሶ ያለ ታኮ ጋቢና ውስጥ ይቀመጥ እንደሆነ ጠየቅሁት። አሰበበት። «ይቀመጥ። እኔ ግን አልሳፈርም፤ ያለኝ አንገት አንድ ነው» አለና ታኮውን ተቀብሎ መንገድ ዳር ቆመ።

መኪናዋ ወደ ላይ ተመልሳ ቁልቁለቱን እንደገና ጀመረች። እኔ እንደገና ከኋላ ነኝ፤ የጋቢናው የኋላ መስታወት ስለሌለ ንግግራቸው ይሰማኛል።

«ቢስሚላህ» አሉ ጋሽ ሰይድ።

«አሜን» አለ ጅግሶ። «ጋሼ፣ እኔ አልወርድም። እዚሁ ነኝ። ይቺ መኪና አሁን ጤነኛ ናት። እንቁላል ላይ እንደሚቆሙ አድርገው እግርዎን ያሳርፉ። ቀስ… ቀስ…»

መርማሪው እጁን አነሣ። ጋሽ ሰይድ እግራቸውን አሳረፉ። መኪናዋ እየቀነሰች፣ እየቀነሰች መጥታ መርማሪው ፊት ቆመች። ማንም አልወደቀም። ጅግሶ በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን አውጥቶ ነበር፤ መሬት የነካው ግን መኪናዋ ከቆመች በኋላ ነው። መርማሪው የጅግሶን እግር ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ ካቻቪቴውን ኪሱ ከትቶ ቦሎውን ሰጠ።

ወደ ከተማ ስንመለስ ጅግሶ «እንግዲህ የእኔ ሥራ አለቀ ማለት ነው» አለ።

«ምን አለቀ?» አሉ ጋሽ ሰይድ ተቆጥተው። «ገና አሁን መጀመርህ ነው። አጠገቤ ተቀምጠህ ቀስ ትለኛለህ።»

እንዳሉትም አደረጉ። ተሳፋሪዎች ከጋቢናው «ቀስ… ቀስ…» የሚል ድምፅ እየሰሙ ጨለለቅቱ ይደርሱ ነበር።

ለሙያ ባልደረቦቼ የማስተላልፈው ይህን ነው። ፍሬን ስትለውጡ ሳይለወጥ የሚቀር አንድ ክፍል አለ፤ እሱም የሹፌሩ እግር ነው። መኪናውን ከማስረከባችሁ በፊት ሹፌሩን ሜዳ ላይ አለማምዱት። ይህ ሥራ መለዋወጫም የውጭ ምንዛሪም አይጠይቅም።