አምስተኛው ጥራዝ

ገና ያልታጠበ አቡጀዲ ሽታ ዛሬም ሆዴን ያባባዋል። ባለፈው ሳምንት ለመጋረጃ የሚሆን ጨርቅ ልገዛ ሰቆጣ ገበያ ዳር ካለ ሱቅ ገብቼ ነበር። ነጋዴው ጣቃውን ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋው ያ ሽታ መጣና ሰውየው የሚለኝን መስማት ተውኩ። ለእኔ ይህ የጨርቅ ሽታ አይደለም፤ የልብ ወለድ ሽታ ነው።

ተማሪ ሳለሁ ልብ ወለድ የሚያውሱን ጨርቅ ነጋዴ የሆኑ ሙስሊም ሴት ነበሩ፤ እትዬ እንላቸዋለን። መጻሕፍቱን ከጣቃዎቹ ኋላ በካርቶን ያስቀምጧቸዋል። መያዣቸው የተማሪ መታወቂያችን ነው። መታወቂያ የሌለው ተማሪ ደግሞ የትምህርት ቤቱን በር ስለማያልፍ፣ መጽሐፍ የተዋሰች ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ዘበኛውን ስትለማመጥ ትከርማለች። የእኔን መታወቂያ ሲቀበሉ ግን እትዬ ሁልጊዜ «የቄሱ ልጅ አትዋሽም» ይሉ ነበር። አባቴ የፍቅር መጽሐፍ እጄ ላይ ቢያዩ ምን እንደሚሉ ለማሰብ አልደፍርም።

አንዱን መጽሐፍ የምናነበው አምስት ልጆች ሆነን ነው። ሳምንት ለአምስት ሰው አይበቃም፤ ስለዚህ የመጽሐፉን ክር ፈትተን አምስት ጥራዝ እናደርገውና በዕጣ ተራ ይዘን እንቀባበለዋለን። ስንመልሰው እኔ በመርፌ እሰፋዋለሁ። ሕግም ነበረን፤ ያነበበች አትናገርም፣ የመጨረሻውን ገጽ አስቀድማ ያየች ከማኅበራችን ትባረራለች። እኔማ ሕጉን ከማክበሬ ብዛት የመጨረሻውን ጥራዝ ስነጥል ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞር ነበር። ትስቁ ይሆናል፤ ያኔ ግን የምር ነበር።

ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ የምትቀመጠው ልጅ ከጽጽቃ መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር ነበረች። የቤቷ ቋንቋ ኽምጣኛ ነው። አማርኛ ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ታሪኩ ሲይዛት በቋንቋዋ አንድ ነገር ትላለች። «ምን አልሽ?» ስላት «ምንም» ትለኛለች። ያቺን «ምንም» አልወዳትም ነበር።

ጠርጣራ ነበርኩ። አሁንም ነኝ፤ ልጄ ስልኳን ይዛ ፈገግ ካለች አንገቴ ይረዝማል። ያን ጊዜ ጥርጣሬ ያስተማሩኝ ግን እነዚያው ልብ ወለዶች ናቸው። በሁሉም ውስጥ አንዲት ሳቂታ ጓደኛ አትጠፋም፤ በኋላ ጉድ የምትሠራውም እሷ ናት።

የዚያ ሳምንት መጽሐፍ ለትምህርት የምትጠራበት ደብዳቤ ስለተሰረቀባት ልጅ ነበር። አራተኛው ጥራዝ የሚያበቃው ሌባው ሊታወቅ ሲል ነው። በዕጣ የመጀመሪያዋ አንባቢ የዴስክ ጓደኛዬ ሆነች፤ ቀጥዬ እኔ። አራተኛውን እንደ ጨረስኩ «የሰረቀቻት ጓደኛዋ ናት» አልኳት።

«እኔስ አይመስለኝም» አለች።

«አንብበሽዋላ!»

ፊቷን ወደ ደብተሯ መለሰች። አምስተኛውን ስጪኝ ስላት «ገና ነኝ» አለችኝ። በማግስቱም ገና ነች። አንዱን ጥራዝ በአንድ ቀን ትጨርስ የነበረች ልጅ በዚያች ቀጭን ጥራዝ ላይ ሦስት ቀን ከረመች። በእረፍት ሰዓት ብቻዋን ከባሕር ዛፎቹ ሥር ትቀመጣለች፤ ስጠጋት ወረቀት በነጠላዋ ትሸፍናለች። ጣቷ በእስክሪብቶ ቀለም ተበክሏል። ሐሙስ ዕለት ደግሞ ከእትዬ ሱቅ ስትወጣ አየኋት። መጽሐፉ በእኔ መታወቂያ ነው የተያዘው፤ እሷ ምን ልታደርግ ገባች? እያሳበቀችብኝ መሰለኝ። መታወቂያዬ ሊቀር፣ ነገሩ አባቴ ጆሮ ሊደርስ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ዓርብ፣ ሰሌዳ ልታጠፋ ስትነሣ ቦርሳዋን ከፈትኩ። ጥራዙ አለ። በውስጡ ከደብተር የተገነጠሉ፣ በእጇ ጥቅጥቅ አድርጋ የጻፈችባቸው ስድስት ሉክ ወረቀቶች አሉ። ከላይ ያለውን አየሁት፤ ደብዳቤ የጠፋባት ልጅ ጓደኛዋን አስቀምጣ «ዓይኔን እያየሽ ንገሪኝ» ትላታለች። በቃ፣ መጨረሻውን እየገለበጠች ለሌላ ክፍል ልጆች ልታድል ነው አልኩ።

«ሌባ!» ብዬ ጮህኩ። ክፍሉ በሙሉ ዞረ። ዳስተሩን እንደ ያዘች ደርቃ ቀረች፤ የጠመኔው ብናኝ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ እየወረደ ፀጉሯ ላይ ያርፍ ነበር።

«አረ ተይ፣ መጀመሪያ አንብቢው» አለችኝ።

ዓይኗ እያየ ቀደድኩት። ስድስቱንም አንድ ላይ ስለያዝኩት አስቸግሮኝ ነበር፤ ግን ቀደድኩት።

ቅዳሜ ከቦርሳዋ የወሰድኩትን ጥራዝ ከሌሎቹ ጋር ልሰፋ ስቀመጥ የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩ። ዓረፍተ ነገሩ መካከል ላይ ተቆርጧል፤ ከዚያ ወዲያ ገጽ የለም። ይህንንም የሠራችው እሷ ናት ብዬ ወደ ሱቁ ሮጥኩ።

«እትዬ፣ የቀደድኩት እኔ አይደለሁም» አልኳቸው ገና ከበሩ።

«አረ ልጄ፣ ሲመጣም መጨረሻ የለውም» አሉ መታወቂያዬን እየፈለጉ። «ለዚያች ለጽጽቃዋ ልጅ ሐሙስ ነግሬያት የለ? ሌላ ቅጂ አለዎት ወይ ብላ መጥታ ነበር። ‹ጓደኛዬ መጨረሻውን ካላወቀች እንቅልፍ አይወስዳትም፤ ጀምሬዋለሁ፣ እኔው ጽፌ እጨርስላታለሁ፣ እንዳይነግሯት› ብላ አሳቀችኝ። አልሰጠችሽም እንዴ?»

መጨረሻውን እንዳናይ ስለተማማልን፣ መኖር አለመኖሩን እንኳ ያየች አልነበረችም። እሷ ብቻ በተራዋ ደርሳ አለመኖሩን አየች። ወደ ክፍላችን ተመልሼ የቀደድኩትን ወረቀት ፈለግሁ፤ ተረኞቹ ዓርብ ማታውን ጠርገው ቆሻሻውን አቃጥለውታል።

ሰኞ አልመጣችም። በሳምንቱ አባቷ አህያ ይዘው አልጋ ልብሷንና ድስቷን ሊወስዱ መጡ። ደጃፉ ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው።

«ታማ ነው ወይ፣ አባባ?»

«አልታመመችም። አልማርም አለች።»

«ለምን ብላ?»

«ምኑን ነገረችን ልጄ! ጓደኛዋ ከሆንሽ አንቺ ታውቂ እንደሁ» አሉና ዓይኔን አዩኝ።

«አላውቅም» አልኳቸው። የቄሱ ልጅ ዋሸሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ያንን መጽሐፍ ሙሉውን አገኘሁትና ቆሜ መጨረሻውን አነበብኩ። ሌባዋ ጓደኛዋ ናት። ልክ ነበርኩ፤ እንባዬ ግን መጣ። ጽጽቃ ከሚመጣ ሰው ጋር በተገናኘሁ ቁጥር ስሟን ጠርቼ እጠይቃለሁ፤ እስካሁን የሚያውቃት አልገጠመኝም። ባገኛት ይቅርታ መጠየቅ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ እጠይቃታለሁም። ከዚያ በፊት ግን ከአፌ የሚያመልጠው «ምን ብለሽ ጨረስሽው?» የሚለው ይመስለኛል።