መረቡ ያለበት ቦታ

ሽማግሌው ስልኩን እንደሚናከስ ነገር በሁለት ጣታቸው ይዘው «ይሄ መረቤን የት እንደጣልሁ ያውቃል?» አሉኝ። ጣና ላይ ያረጁ ዓሣ አስጋሪ ናቸው።

እኔ ለአስጋሪዎቹ ርካሽ ስልኮች ቀላል ፕሮግራም እሠራ ነበር። ሐይቁ መሀል ኔትወርክ ስለሌለ የአንዱ ጀልባ ስልክ «ያለሁት እዚህ ነው» የምትል አጭር መልእክት በአቅራቢያው ላለው ጀልባ ያቀብላል፤ ያኛውም ለሌላው፣ እስከ ባሕር ዳር ድረስ። ነፋስ ጀልባ ቢገለብጥ የት እንደሚፈለግ ይታወቃል።

«ያውቃል፤ ግን ለማንም አይናገርም» አልኋቸው።

«በጎረቤቴ ስልክ በኩል ያልፋል አላልህም?»

«ተቆልፎ ነው የሚያልፈው። ሊያነበው አይችልም።»

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። እሳቸው ከዳር ሲነሱ በአንድ አቅጣጫ ቀዝፈው፣ ከሰው ዓይን ሲርቁ የሚዞሩ ሰው ናቸው፤ የመረባቸውን ቦታ ለወንድማቸው እንኳ አይናገሩም። ኧረ ጥርጣሬ! አልሁ በሆዴ። ያም ሆኖ ስልኩን በፌስታል ጠቅልለው ይዘውት ወጡ።

ወር ሳይሞላ ጎረቤትየው መረቡን ከመረባቸው አጠገብ ጣለ። ቦታ ቀየሩ፤ እዚያም መጣ። ዓሣው የሽሚያ ሆነ፣ ሽማግሌውም ሰላምታዬን በግማሽ አፍ ይመልሱ ጀመር። እኔም መጠርጠር ያዝሁ። ጎረቤትየው ከሩቅ ይከተላቸዋል አልሁ። ቀጥሎ ዓሣ የምትረከባቸውን ሴትዮ ጠረጠርሁ። በመጨረሻም ሽማግሌውን ራሳቸውን፦ ሻይ ቤት አምልጧቸው ይሆናል። ሰው ሁሉ ሲዳረስ ራሴን ዘለልሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፕሮግራሙን ላድስ ብዬ የጎረቤትየውን ስልክ ተቀበልሁ። የሽማግሌው ጀልባ የቆመበት ቦታ ሁሉ፣ መረባቸው ያለበትም ጭምር፣ በየሰዓቱ ተደርድሯል፤ ፋይሉን የከፈተ ሁሉ የሚያነበው ግልጥ ጽሑፍ። ደንግጬ ኮዴን ፈተሽሁ። እነዚያ አቅመ ደካማ ስልኮች እንዳይንቀራፈፉ፣ ባትሪም እንዳይጨርሱ ብዬ መቆለፊያውን አውጥቼዋለሁ። ከጎኑ «ለጊዜው» የሚል ማስታወሻ አለ፤ የጻፍሁት እኔው ነኝ። ያን ቀን ያፈርሁትን ያህል አፍሬ አላውቅም።

በማግሥቱ ጠዋት ዳር ላይ ደረስሁባቸው።

«አባባ፣ አልቆለፍሁትም ነበር። ዋሸሁዎት።»

አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ስልኩን ከፌስታሉ አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡት።

«አንድ ሳምንት ይስጡኝ፤ እቆልፈዋለሁ።»

«ያን ጊዜም ተቆልፏል ብለኸኝ ነበር።»

«ነፋስ ቢነሳብዎትስ? የት እንዳሉ ማን ያውቃል?»

ጀልባቸውን ወደ ውኃው ገፉ።

«አላህ ያውቃል» አሉኝ። «እሱ ለጎረቤት አይናገርም።»