በወንድማቸው ተራ የተመረመሩት ሰውዬ

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት የገጠመኝን ልንገራችሁና እናንተ ፍረዱኝ። እኔ እንደሆነ እስካሁን ግራ እንደገባኝ ነው።

ሸዋ ሮቢት አካባቢ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ነኝ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ አዲስ አበባ ያለ ስፔሻሊስት በታብሌት ታካሚ ያይልናል። እሱ እዚያ ሆኖ ይጠይቃል፤ እኔ እዚህ እለካለሁ፣ እዳስሳለሁ፣ ያገኘሁትን እነግረዋለሁ። ተራው ረጅም ነው፤ ሁለት ወር ጠብቆ የሚደርሰው አለ። ሙቀቱ፣ የሚቆራረጠው ኔትወርክ፣ ግፊያው... በዚያ ላይ እኔ ቶሎ ይነደኛል፣ አልዋሽም።

ካርድ አንስቼ «ሰይድ» ብዬ ስጣራ፣ ስልሳ የሚጠጋቸው ሽርጥ ያገለደሙ ሰውዬ «አቤት» ብለው ገቡ። ላብ በላብ ሆነዋል። ከወንዙ ማዶ በእግራቸው ነው የመጡት። ታብሌቱ ፊት አስቀመጥኳቸው፤ ከዶክተሩ ጋር ሰላምታው ብቻ ስንት ደቂቃ ፈጀ... ቤተሰቡን ጠየቁ፣ ዝናቡን ጠየቁ፣ አልሐምዱሊላህ ተባባሉ።

ዶክተሩ ሕመሙን ሲጠይቃቸው ጥርት አድርገው ነገሩት። እግር ያብጣል፣ ጋደም ሲባል ትንፋሽ ያጥራል፣ ሁለት ትራስ ካልተደረበ እንቅልፍ የለም። ዶክተሩ ፊቱ ኮስተር አለና እግራቸውን እንዳሳየው ነገረኝ።

ሽርጡን ገለጥ አደረግኩ። የከሳ፣ ደረቅ የገበሬ እግር ነው። በአውራ ጣትሽ ተጫኚው አለኝ፤ ተጫንኩ። ምንም የሚሰረጉድ ነገር የለም።

«አባቴ፣ እብጠቱ ጎደለ እንዴ?» አላቸው።

«ኧረ ምኑ ጎድሎ... ዛሬ ጠዋት እንዲያውም ብሷል።»

እግሩን አየሁ፣ እሳቸውን አየሁ፣ እንደገና እግሩን አየሁ። ዶክተሩ ካሜራውን እንዳስተካክል ነገረኝ። እኔ የራሴን ዓይን መጠራጠር ጀምሬያለሁ።

እስቲ ግፊታቸውን ልለካ ብዬ ቁጥሩ ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ሳየው መለኪያው የተበላሸ መሰለኝ። መታ መታ አደረግኩት። ሌላ አመጣሁ፤ ያው ነው። በሌላኛው ክንድ ሞከርኩ፤ ያው። ዶክተሩ ሰማና አሁኑኑ አልጋ ላይ ይተኙ፣ መድኃኒት ይጀመርላቸው፣ በዚህ ግፊት መንገድ ላይ ወድቀው ሊቀሩ ይችላሉ አለ።

ሰውዬው ብድግ አሉ።

«እኔ ምን ሆንኩና ነው የምተኛው? ታማሚው እኮ ቤት ነው።»

ለካስ እሳቸው ሰይድ አይደሉም። ይመር ነው ስማቸው። ሰይድ ታላቅ ወንድማቸው ናቸው፤ እግራቸው አብጦ መራመድ አቅቷቸው ቤት ተኝተዋል፤ መንደራቸው ደግሞ ባጃጅ አይገባም። ደሜ ፈላ። ሰው እንዴት በሌላ ሰው ፈንታ ይመረመራል ብዬ ጮህኩባቸው። እሳቸው እቴ... ረጋ ብለው አስረዱኝ።

«ዶክተሩም ራሱ አልመጣ፤ አንቺን ወክሎ ነው። ጋሼም መምጣት ስላልቻለ እኔን ወከለ። የመሬት ጉዳይም ሲኖረን እንዲሁ ነው የምናደርገው። ምን አጠፋሁ?»

ዶክተሩ አገጩን እንደያዘ ቀረ። ኔትወርኩ የቆመ መስሎኝ ነበር፤ አልቆመም።

ቆይቶ እንዲተኙ ይለምናቸው ጀመር። ወይ ፍንክች። ተራው የጋሼ ነው፣ ሁለት ወር የጠበቀውን ተራ በልቼበት በምን ዓይኔ አየዋለሁ አሉ። ይልቅ መድኃኒቱን ስጡኝና ላድርስለት ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ለእሳቸው ግፊት የታዘዘውን ኪኒን ለሰይድ ሊያስውጧቸው ነው፤ ራሳቸው ደግሞ በዚያ ፀሐይ ያንን ሁሉ መንገድ ሊመለሱ ነው። ንዴቴ ጠፍቶ ፈራሁ። በሩ ላይ ቆሜ አላሳልፍም አልኩ።

መላ ያመጣው ዶክተሩ ነው። ለወንድማቸው እንድደውል አደረገኝና ስልኩን ታብሌቱ አጠገብ ያዝኩት። ሰይድ ሲያወሩ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። የሆነውን ስነግራቸው ብዙም የገረማቸው አልመሰለኝም።

«ይመር... ተራዬን ሰጥቼሃለሁ፣ ሐላል ይሁንልህ። ተኛ።»

ይመር ሄደው ተኙ። ኪኒኑንም ዋጡ።

ዶክተሩ ግን የሰይድን ትንፋሽ ሰምቶ ዛሬውኑ ይምጡ አለ። ከሰዓት በኋላ የመንደሩ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው አመጧቸው። እግራቸውን ስጫነው የጣቴ ምልክት ሰርጉዶ ቀረ። ወደ ሆስፒታል ሪፈር ተጻፈላቸውና አምቡላንስ መጠበቅ ጀመርን። ይመር አጠገባቸው ባለው አልጋ ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

እኔ አላስቻለኝም። በቃሬዛ መምጣት ከተቻለ ለምን መጀመሪያውኑ አልመጡም፣ ሁለታችሁም ልታልቁ ነበር እኮ ብዬ ወቀስኳቸው። ሰይድ ወደ ወንድማቸው ዞር ብለው መተኛታቸውን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ራሱን እያዞረው ማሽላ ውስጥ ሁለቴ ወድቋል። ታከም ብዬ ብለምነው፣ ብቆጣው እምቢ አለኝ። ለራሱ አይሄድም፤ ለኔ ከሆነ ግን እምቢ አይልም። ሂድልኝ፣ የሚያደርጉህን ሁሉ እሺ በል ብዬ ላክሁት።»

አምቡላንሱ መጥቶ ሰይድን ወሰዳቸው። ሲመለሱ ልቆጣቸው ነው ወይስ ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም... እኔ እንጃ፤ ብቻ በደህና ይመለሱልኝ።